«ጃጀ» አትበሉብኝ

«የኩላሊት እጥበት» የሚለውን ስም ማን እንዳወጣው ባውቅ ደጁ ድረስ ሄጄ እሟገተው ነበር። ኩላሊት አይታጠብም። የሚታጠበው ደም ነው። ኩላሊቱማ ሥራውን ትቶ ቁጭ ብሏል፤ በእሱ ፈንታ የሚደክመው ማሽኑ ነው። ስሙ ግን ሌላ ነገር ያስመስላል። ሸሚዝ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ እንደ አዲስ እንደሚለበስ ሁሉ ሰውየውም ታጥቦ፣ ነጽቶ፣ ደህና ሆኖ ቤቱ የሚገባ ይመስላል። «ታጠበ ወይ?» «አዎ፣ ትናንት ታጥቧል።» «እሰይ፣ ተመስገን!» ጥያቄውም ምስጋናውም እዚያው ላይ ያልቃል።

ብዙ ዘመኔን ቃል ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ነገሬን ከቃል ብጀምር አይፈረድብኝም። ቃል ያሳያል፤ ቃል ይደብቃልም። ይህኛው የደበቀው ጭንቅላትን ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት መኪና በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ሲያልፍ ያልሰማ አለ? «ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል፤ ወገን ድረሱለት!» ይላል። ኪሳችንን እንዳስሳለን፤ ደግ ሕዝብ ነን፣ አልክድም። በዚያ ጩኸት ውስጥ ግን «አእምሮውም እየደከመ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቼ አላውቅም። ማሽን ተመረቀ በተባለበት ዜናም አልሰማሁም። ማሽን ይቆጠራል፤ አልጋ ይቆጠራል፤ ሪባን ይቆረጣል። ማሽኑ ላይ የሚተኛው ሰው የትናንቱን ያስታውስ እንደሆነ፣ ገንዘቡን በትክክል ይቆጥር እንደሆነ፣ የሚፈርመው ወረቀት ይገባው እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። የዛሬው ጠቤ ከዚህ ጋር ነው።

ዳዊት የደገመ ሰው ያስታውሳል፤ በመዝሙሩ ውስጥ ኩላሊት የሚጠራው ከልብ ጎን ነው፣ የሰው ስውር ሐሳብ ማደሪያ ሆኖ። የጥንቶቹ ሰዎች የደም ሥሩን አሠራር አያውቁም ነበር እንበል። ኩላሊትንና ሐሳብን አንድ ቤት ማሳደራቸው ግን ከእኛ ይልቅ ወደ እውነቱ ሳያስጠጋቸው አልቀረም። እኛ ሰውየውን ለሁለት ከፍለን ወገቡን ለሐኪም፣ ጭንቅላቱን ለአዋቂ አከፋፍለነዋል።

የማሽኑ ታሪክ ራሱ ይመሰክርብናል። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ ሰው ሠራሽ ኩላሊቱን ለሕመምተኛ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1943፣ በጦርነቱ መካከል፣ ካምፐን በምትባል ከተማ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች አንድ በአንድ ሞቱበት። በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ራሷን ስታ ቀረበችለት። 11 ሰዓት ያህል ማሽኑ ላይ ቆየች። ነቃች። እንደ ነቃችም መጀመሪያ የተናገረችው ባሏን መፍታት እንደምትፈልግ ነበር ይባላል፤ አደረገችውም ይላሉ። እንግዲህ ይህ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አዳነ የተባለው አንዲት ሴት ወደ ራሷ ስትመለስ ነው፤ አእምሮዋ ከነቂሙ ሲመለስላት። ከዚያ ወዲህ ባለው ዘመን ማሽኑ እጅግ ተሻሽሏል። ስለ አእምሮ የምንጠይቀው ጥያቄ ግን የት እንደገባ እንጃ።

ቦንጋ የሚኖሩ አንድ መምህር አውቅ ነበር። የተዋወቅነው በክረምት ትምህርት ዲግሪያቸውን ሊያሟሉ ሲመጡ ነው። እኔ አስተማሪ፣ እሳቸው ተማሪ፤ በዕድሜ ግን በአሥር ዓመት ይበልጡኛል። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «መምህር» ይሉኛል፤ በየተራ እንተፋፈራለን። አፋቸውን የፈቱት በካፊ ኖኖ ሆኖ አማርኛን ከብዙዎቻችን አጥርተው ይጽፉ ነበር። ፈተና ሳርም የእሳቸውን ወረቀት ለመጨረሻ አስቀምጠው ነበር፣ ድካም እንዲያወጣልኝ። ጡረታ ሲወጡ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ሆኑ። መዝገባቸውን አይቼዋለሁ፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም።

ስኳርና ደም ግፊት ተጋግዘው በ2010 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ጣሉት። ከቦንጋ ጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከቦንጋ አዲስ አበባ ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ። በየሳምንቱ እየደጋገመ ማሽን ላይ የሚተኛ ሰው ይህን መንገድ ሊመላለሰው አይችልም። ቤታቸውን ዘግተው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። የተለመደው የሕክምናው ልክ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ያህል ነው። እሳቸው የሚተኙት ሁለት ቀን ነበር፤ እንደ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ሦስተኛውን ቀን ኪስ ከለከላቸው።

እድሩ ግን አልለቀቃቸውም። «አዲስ አበባ ከገቡማ ድንኳንና ወንበር ከመርካቶ ይግዙልን» ብሎ ገንዘብ ላከ። ድንኳኑን ገዝተው በአይሱዙ ጫኑ። ከተላከው ገንዘብ 12 ሺህ ብር ጎደለ። ወንበሩም የለ፣ ብሩም የለ። ሦስት ሽማግሌዎች ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ሲመጡ በዚያው ጎራ ብለው ጠየቋቸው። ጋሼ ከማሽን የተነሱበት ቀን ነበር። መጀመሪያ «ከፍያለሁ» አሉ። የቀረበው ሻይ ሳያልቅ «የምን ብር? እኔ አልተላከልኝም» አሉ። ቆይተው ደግሞ «ነገ እሰጣችኋለሁ» አሉ። ሦስት መልስ በአንድ ሰዓት ውስጥ። መልስ የሚለዋወጥበትን ሰው ሽማግሌ ምን ብሎ እንደሚፈርደው ታውቃላችሁ።

ቦንጋ የደረሰው ወሬ ሦስት ዓይነት ነበር። ጨካኙ «ለእጥበቱ በላው» አለ። ደጉ «ጃጀ፣ ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» አለ። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እጅ አለበት፣ አቅምሰውት ነው» አለ። ሌባ፣ ጃጅ፣ የተደገመበት። «ታመው ነው» ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ መታመማቸውን የማያውቅ በሌለበት ሰፈር!

ከወራት በኋላ ልጃቸው ከኮታቸው ኪስ ደረሰኝ አገኘች። መርካቶ ለወንበር 12 ሺህ ብር ቀብድ ከፍለዋል። ነጋዴው ጨዋ ሰው ኖሮ ወንበሮቹን መጋዘን አስቀምጦ ይጠብቅ ነበር። እድሩ ይቅርታ ጠየቀ። ጋሼ ግን ይቅርታ የተጠየቁበትን ጉዳይ በቅጡ አላስታወሱትም። በ2014 ዓ.ም. አረፉ።

ሽማግሌዎቹን አልወቅስም። የማያውቁትን ነገር ከየት አምጥተው ይፍረዱ? የምወቅሰው ማወቅ የሚገባውን ነው። ጋሼ በሚታከሙበት ማዕከል በነበሩባቸው ዓመታት ክብደታቸው ከ300 ጊዜ በላይ ተለክቷል። ግፊታቸው ከዚያም በላይ። «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው? መድኃኒትዎን በስንት ሰዓት ይወስዳሉ? ሒሳብ ያስቸግርዎታል?» ያላቸው ግን አንድም ሰው እንዳልነበረ ልጃቸው ነግራኛለች። ለእሷም «አባትሽ ሊረሱ ይችላሉ፣ ከመጣባቸው ንገሪን» ያላት አልነበረም።

ነገሩ የማይታወቅ ምሥጢር ቢሆን እሺ። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል አካባቢ፣ ዕድሜያቸው 55ና ከዚያ በላይ የሆነ ከ300 በላይ የእጥበት ሕመምተኞች የማሰብ ችሎታቸው ተመርምሮ ውጤቱ ታትሟል። ችሎታቸው ጤናማ ሆኖ የተገኘው 12.7 በመቶ ብቻ ናቸው። 37 በመቶ ያህሉ ላይ የተገኘው ጉድለት ከባድ የሚባል ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያስደነግጠኝ ሌላ ቁጥር ነው፤ በሕክምና መዝገባቸው ላይ የአእምሮ ድካም ተጽፎላቸው የተገኙት ከመቶ ሦስት አይሞሉም። እዚያም አልተጠየቁም ማለት ነው። እንግዲህ ድህነት ብቻውን ሰበብ አይሆነንም፤ ያለውም አገር ዓይኑን ጨፍኖ ኖሯል።

የድካሙ ዓይነት ደግሞ ሰው እንዲያማህ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጎዳው የልጅነት ትዝታ ወይም አንደበት አይደለም። ነገርን በቅደም ተከተል ማሰናዳት፣ ሁለት ጉዳይ አንድ ላይ መያዝ፣ ሒሳብ ማስላት፣ ቶሎ መወሰን ነው። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ የንጉሥ ጋኪ ሼሮቾን ታሪክ እንደ ድሮው ያወጋችኋል። ስለዚህ «ይህ ሰው ደህና ነው» ትላላችሁ። በማግስቱ ብር ሲጠፋበት «ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያስታውስ ሰው ያንን እንዴት ረሳው?» ብላችሁ ሌባ ታደርጉታላችሁ። ትዝታና የሒሳብ መዝገብ በአንጎል ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ እንደማይኖሩ ማን ነገረን?

መንስኤው አንድ አይደለም። ኩላሊትና አንጎል በቀጫጭን የደም ሥሮች ብዙ ደም የሚጠጡ ብልቶች ናቸው፤ ስኳርና ግፊት የአንዱን ሥር ሲያበላሹ ሌላውን አይምሩም። ሰው ሳያውቀው የሚመቱ ትንንሽ ስትሮኮች አሉ፤ እጅ አይሽመደመድም፣ አፍ አይጣመምም፣ ብቻ ነገር ይዘገያል። ደም ማነሱ አለ። ማሽኑ በበቂ ያላወጣው መርዝ አለ፤ በሳምንት ሦስት ቀን የሚገባው ሰው በሁለት፣ በአንድ ሲወሰን ይህ ይብሳል። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ጭንቀቱ አለ።

ማሽኑ ራሱም የድርሻውን ይወስዳል። ሰውነት በሁለትና በሦስት ቀን ያጠራቀመውን ውኃ በአራት ሰዓት ሲስበው ግፊት ይወርዳል፤ ግፊት ሲወርድ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በሆላንድ በአረጋውያን ሕመምተኞች ላይ ይህ ተለክቷል፤ በአንድ ዙር ውስጥ የአንጎል ደም በአማካይ 10 በመቶ ያህል ወርዶ ተገኝቷል። ማሽኑን ልሳደብ አይደለም፤ ያለ እሱ ጋሼ ወር አይቆዩም ነበር። ሕይወት እየሰጠ ከአእምሮ ላይ ጥቂት ጥቂት የሚሸርፍ ከሆነ ግን ይነገረን እንጂ!

እዚህ ላይ ስለ ቡና አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የካፋ ሰው ናቸው። ቡና የበቀለበት አገር፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም የቆመባት ከተማ ሰው። ሽንት ያቆመ የእጥበት ሕመምተኛ በቀን የሚጠጣው ፈሳሽ በልክ ነው፤ ውኃውም፣ ሾርባውም፣ ቡናውም ይቆጠራል። ጋሼ የተፈቀደላቸው በቀን አንዲት ስኒ ነበረች። ጠጥተው ይረሳሉ። ጎረቤት ቡና ይጠራቸዋል፣ እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ይጠጣሉ፣ ይረሳሉ። በማግስቱ ሚዛን ላይ ሲወጡ ከልኩ አልፈው ይገኙና «ሽማግሌ ሆነው ሆድዎን አይችሉም?» ተብለው ይቆጣሉ። ውኃው ስለበዛ ማሽኑ ብዙ ይስባል፤ ብዙ ሲስብ ግፊቱ ይበልጥ ይወርዳል፤ አንጎሉ ይበልጥ ይጎዳል፤ ይበልጥ ይረሳሉ። አያችሁ አዙሪቱን? ቁጣ ይህን አይሰብረውም። አንዲት ምልክት የተደረገባት የፕላስቲክ ጠርሙስና «ሰውየው ይረሳሉ» ብሎ የጻፈ ሰው ይሰብረው ነበር።

ቀኑም ጉዳይ ነው። በዚያው በሚኒሶታ የተደረገና በ2007 የታተመ ሌላ ጥናት ያንኑ ሰው በተለያየ ሰዓት ፈትኗል። አእምሮው ከሁሉ ይልቅ የሚደክመው ማሽኑ ላይ እያለ ነው፤ ከሁሉ የሚሻለው ማሽን ላይ ሊወጣ ሲል ወይም በማግስቱ ነው። እኛስ ምክር የምንሰጠው መቼ ነው? ማሽኑ ላይ ተኝቶ ሳለ! «በዚህ ጊዜ አያመልጠንም» ብለን። መድኃኒቱ የተለወጠበትን ምክንያት፣ የሚበላውንና የማይበላውን፣ የቀጠሮውን ቀን፣ ሁሉን እዚያው እንደረድርለታለን። እሱም «እሺ» ይላል።

ይህች «እሺ» የምትባል ቃል ስንቱን ጨረሰች! በአማርኛ «እሺ» ማለት ገብቶኛል ማለት ሊሆን ይችላል። ሰምቻለሁ ማለትም ነው። ሐኪም ፊት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «አከብርዎታለሁ፣ አታቆዩኝ» ማለት ነው። ካፊ ኖኖ ለሚናገር፣ አማርኛው ለገበያ ብቻ ለሚበቃው የዴቻ ወይም የጨታ ገበሬ «እሺ» ከዚህም ያነሰ ትርጉም አላት። ጋሼ እንኳን፣ አማርኛ አስተማሪው ሰው፣ በሦስተኛው ሰዓት ግፊታቸው ወርዶ «እሺ» ባሉት የመድኃኒት ለውጥ ምክንያት አሮጌውንም አዲሱንም የግፊት ኪኒን አብረው ሲውጡ ከርመዋል። መልሳችሁ «እስቲ ምን አልኩዎት?» በሉት። ሁለት ደቂቃ ነው።

«ጃጀ» የሚለውን ቃል የምጠላበት ትልቁ ምክንያት ግን ከስድብነቱ ይልቅ በር ዘጊነቱ ነው። ዕድሜ አይታከምም፤ ስለዚህ «ጃጀ» የተባለ ሰው አይመረመርም። ከሥሩ ግን ሊታከም የሚችል ስንት ነገር ይቀበራል! ኩላሊቱ የደከመ ሰው ኢንሱሊን ሰውነቱ ውስጥ ስለሚቆይበት ስኳሩ ወርዶ ሊቃዥ ይችላል። ደሙ እንዳይረጋ በማሽኑ ላይ መድኃኒት የሚሰጠው ሰው ወድቆ ራሱን ቢመታ አንጎሉ ሽፋን ሥር ደም ሊጠራቀም ይችላል። በሽንት መውጣት የነበረበት ማስታገሻ ወይም አንቲባዮቲክ ተጠራቅሞ ሊያደነዝዘው ይችላል። ቫይታሚን ቢ 1 ከደሙ ጋር ታጥቦ ሊሄድ ይችላል። ድብርት ከመርሳት ጋር ይመሳሰላል። እነዚህ እያንዳንዳቸው መድኃኒት አላቸው፤ አንዳንዶቹ የሰዓታት ጉዳይ ናቸው። «ዕድሜ ነው» ብላችሁ ወደ ቤት የወሰዳችሁት ሰው ግን በራችሁ ላይ ተቀምጦ ይጠፋል።

ጠይቆ መልስ ያገኘ አገር ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካዋ ዴንቨርና በሌሎችም ከተሞች የእጥበት ሕመምተኞች ንግግራቸው መንተባተብ ጀመረ፤ በተለይ ከማሽን ሲነሱ። ከዚያ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ አእምሯቸው ይሄዳል፣ በወራት ውስጥ ይሞታሉ። አልፍሬይ የሚባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው የሟቾቹን አንጎል መርምረው በ1976 አሉሚኒየም ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። በውኃው ነበር የሚገባው፤ በሚውጡት መድኃኒትም። ብዙ ከተማ የቧንቧ ውኃውን የሚያጠራው በአሉሚኒየም ጨው ነው፤ ለሚጠጣው ሰው ብዙም አይጎዳም፣ ያ ውኃ በመቶ ሊትር እየሆነ ከደሙ ጋር ለሚገናኝ ሰው ግን መርዝ ነው። ውኃው ይጣራ ተባለ፤ ያ በሽታ ጠፋ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ቀነሰ። በ1996 በካሪቢያኗ ኩራሳው ደሴት ወደ እጥበት ማዕከል ውኃ የሚያደርሰው ቧንቧ ውስጡ በሲሚንቶ ተለብጦ ተቀየረ፤ ከሲሚንቶው በወጣው አሉሚኒየም አሥር ሕመምተኞች ሞቱ። እዚያም ነገሩን ያወቁት የሰዎቹን መቃዠት አይተው ነው። እነዚያ ሐኪሞች «ጃጁ» ብለው ቢያልፉስ?

«ወንድሜ፣ እኛ ማሽኑ ራሱ አልደረሰንም፤ አንተ ስለ ማስታወስ ታወራለህ» የሚለኝ አይጠፋም። ይህን ክርክር አውቀዋለሁ፤ «መጀመሪያ እንጀራ» የሚባለው ነው። መልሴ አጭር ነው፤ መጠየቅ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። ማሽኑስ ቢሆን? በእንግሊዝ አገር በደርቢ፣ በ2015 የታተመ ሙከራ በማሽኑ ውስጥ የሚያልፈውን ፈሳሽ ሙቀት ከሰውነት ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ዝቅ አድርጎ ለአንድ ዓመት ተከታተለ፤ የአንጎላቸው ነጭ ክፍል ከሌሎቹ ያነሰ ተጎዳ። እውነቱን እንናገር ከተባለ በ2022 ካናዳ ውስጥ ከ15 ሺህ በላይ ሰዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ሙከራ ቅዝቃዜው ሞትንና የልብ ሕመምን እንዳልቀነሰ፣ ሕመምተኞቹም እንደበረዳቸው ተናግሯል። በሳምንት ስድስት ቀን ማጠብም ከሦስቱ ቀን ይበልጥ አእምሮን እንዳላሻሻለ በአሜሪካ ታይቷል። ተአምር አልሰብክም። ንቅለ ተከላ ግን በብዙዎቹ ላይ አእምሮን በከፊል እንደሚመልስ ይታወቃል፤ አገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ስትጀምረው ስለዚህ በኩሉ የተናገረ ሰው ትዝ አይለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል። «አእምሮው ደክሟል ብላችሁ በወረቀት ብትጽፉበት ዘመድ ወረቀቱን ይዞ ቤቱን ይወስድበታል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይወስድበታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግልጽ የታወቀ እብደት የሚለው ነገር አለው፤ በፍርድ ቤት የተከለከለ ሰውም አለው። ረቡዕ ደክሞ ሐሙስ የሚነቃ ሰው ግን ከሁለቱም አይገባም። ዛሬ ባለመጻፋችን ግን ማን ተጠበቀ? ለሕክምና ገንዘብ ቤት ይሸጣል፣ ውክልና ይሰጣል። ሕመምተኛው ከማሽን ተነሥቶ፣ በታክሲ ተደግፎ፣ ከሰዓት በኋላ ውልና ማስረጃ ይገባል። «ፈቅደው ነው?» ይባላል። «እሺ» ይላል። ሕጋዊ ነው። ከዚያ ቤቱ የለም። እኔ የምለው፣ ከሕመምተኛው ቀና ቀን ላይ፣ ማለትም በማግስቱ፣ የሚያምነው ሰው ባለበት ይፈርም። ድካሙ ቀድሞ ከታወቀ ደግሞ ገና አእምሮው ሳይሸሽ፣ ማን እንዲወክለው እንደሚፈልግ ራሱ ይናገር። ዝምታው የሚጠቅመው ቀማኛውን ነው።

መጠይቁም ቢሆን ከሰው አገር እንዳለ ተጭኖ መምጣት የለበትም። ሰዓት ሳል፣ ከ100 ላይ ሰባት ሰባት ቀንስ፣ በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ጥራ ይላል የፈረንጆቹ ፈተና። በእኛ ፊደል «በሀ የሚጀምር» ብትሉኝ እኔው ራሴ መጀመሪያ የምጠይቀው «በሃሌታው ነው፣ በሐመሩ ወይስ በብዙኃኑ?» ብዬ ነው፤ እናንተም «ጃጀ» ትሉኛላችሁ። ትምህርት ቤት ያልገባውን የጫካ ቡና ለቃሚ ሰዓት ሳል ብትሉት ምን ታውቁበታላችሁ? የቡናውን ዋጋ በኪሎ ጠይቁት፤ ለሦስት ሰው እንዲያካፍለው ንገሩት፤ ከቦንጋ ውሽውሽ እንዴት እንደሚሄድ ይንገራችሁ። ይህን በካፊ ኖኖ አዘጋጅቶ፣ በጤነኛ ሰው ላይ ፈትኖ ማውጣት የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጅማም ቅርብ ነው። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ አይቻለሁ፤ ከእነዚያ አንዱ ይህ ቢሆን ምን ነበረበት?

ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ቢሮው በዝቷል፣ ስብሰባው በዝቷል፤ ስለ ማሽን የሚነገርበት መድረክም አይጠፋም። ማሽኑ ይምጣ፣ ይብዛ፤ ሰው ለአራት ሰዓት ሕክምና ዕድሜ ልኩን የኖረበትን ቀዬ ጥሎ መሰደዱ ይቅር። ነገር ግን ለሚመርቁት ሰዎች አንድ ወረቀት ላሳያቸው እፈልጋለሁ። የጋሼን ካርድ ልጃቸው ሰጥታኝ እኔ ዘንድ አለ። ከማሽን በፊት ክብደት፣ ከማሽን በኋላ ክብደት፤ ከማሽን በፊት ግፊት፣ ከማሽን በኋላ ግፊት፤ ፊርማ። ከፊርማው በላይ አንድ ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። በስድስት ወር አንድ ጊዜ፣ ማሽን በሌለበት ቀን፣ በሚያውቁት ቋንቋ ተጠይቀው የሚሞላ አንድ መስመር ይበቃዋል። «ማን ይሞላዋል? ነርሶቹ ሥራ በዝቶባቸዋል» አለኝ አንድ ወዳጄ። ልጃቸው ነቻ! የአባቷን ክብደት፣ የጠጡትን ውኃ፣ የዋጡትን ኪኒን ለአራት ዓመት በደብተር ስትጽፍ የኖረች ልጅ፣ ምን መጻፍ እንዳለባት ቢነግሯት ይህንንም ትጽፈው ነበር።